ለባለጸጋ የሚያዘነብል ሚዛን

ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው። የቀረውን ሳይከፍል ቢቀር ጕዳቱ የማኅበርተኛው ሁሉ ነውና፣ ደንበኛ ዳኛ ባለጸጋውንም ድኻውንም እኩል ዋስ ይጠይቃል። በታላላቆቹ ባንኮች ዘንድ ግን ይህ ሥርዓት ሲገለበጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። ጥቂት ለሚበደረው መያዣው ይከብድበታል፤ እጅግ ብዙ ለሚበደረው ይቀልለታል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን በ1856 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ የተቋቋመው ክሬዲት ስዊስ የተባለው ባንክ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ይህ ባንክ በኒው ዮርክ የሚገኘውን፣ የባለጸጋውን የቢል ሁዋንግን ሀብት የሚያስተዳድረውን አርኬጎስ የተባለ ድርጅት በደንበኛነት ይዞ ነበር። ሁዋንግ አስቀድሞ ይመራው የነበረው ሌላ ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በማጭበርበር ተከሶ ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖአል። ባንኩ ግን ይህን እያወቀ፣ በ2019 ዓ.ም. የሚጠይቀውን መያዣ ቀነሰለት። ቀድሞ ለ100 ዶላር አክሲዮን 20 ዶላር ያህል ያስይዝ የነበረው ሰው፣ ከዚያ ወዲህ 7 ዶላር ተኩል እንዲበቃው ሆነ። «ያለው ማማሩ» እንዲሉ፣ ሀብቱ ራሱ እንደ ዋስ ተቈጠረለት። በ2021 ዓ.ም. መያዣ እንዲጨምር ቢጠየቅም፣ ቀጠሮ ባራዘመ ቍጥር ታገሡት እንጂ አላስገደዱትም።

በዚያው ዓመት በማርች ወር የአክሲዮኖቹ ዋጋ ወደቀና ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል ተሳነው። ባንኩ ከዚህ ደንበኛ በ2020 ዓ.ም. ያገኘው ገቢ 16 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የደረሰበት ኪሣራ ግን 5 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ነው። ሌላም ጥፋት ተደራርቦበት በ2023 ዓ.ም. በተወዳዳሪው በዩ.ቢ.ኤስ. ባንክ ተጠቀለለ። በሁዋንግም ላይ በ2024 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

እኛን ይልቁን የሚያሳዝነን የአበዳሪውና የተበዳሪው ነገር አይደለም። የአርኬጎስ ሠራተኞች ከደመወዛቸው በላይ ከሚሰጣቸው ገንዘብ ከፊሉ በድርጅቱ ውስጥ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበርና፣ ያ ጥሪታቸው አብሮ ጠፋ። ለአንዱ ሰው ተብሎ የላላው ሥርዓት ዕዳው በብዙ ቤት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

እንግዲህ መያዣ መጠየቅ ሰውን መናቅ፣ መተውም ማክበር እንዳይመስለን። ልጆቻችን ነገ የባንክ ሹም ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ ይሆናሉና፣ ባለጸጋውን «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አለመሆኑን ከአሁኑ እናስተምራቸው። ለድኻው የጠበቀው ሥርዓት ለባለጸጋውም ካልጠበቀ፣ የሌላውን አደራ መጠበቅ አይቻልም።