ከመሬት በታች ስለ ተቀበረው ነዳጅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን ሲተርቱ። እኔም በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንድ የተደበቀ በሽታ ነው። ይኸውም በየነዳጅ ማደያው ግቢ ከመሬት በታች ተቀብረው ስለሚገኙት የቤንዚንና የናፍጣ ታንከሮች ነው። ውድ አንባብያን፥ ይህ የመሐንዲስ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት እለምናለሁ፤ ነገሩ የምንጠጣው ውሃ ጉዳይ ነውና።

እንደሚታወቀው ከተማችን ዓለም ገና የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚሄደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሚወስደውም ከዚሁ ይገነጠላል። መኪና በሚበዛበት ስፍራ ደግሞ ነዳጅ ማደያ መኖሩ የግድ ነው። ያለ ነዳጅ እህሉ ከገበያ፥ በሽተኛው ከሐኪም ቤት አይደርስምና ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ነዳጅ ከምንቀብርበት ከዚሁ መሬት ውሃም እናወጣለን። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካናችንን ይዘን የምንሄደው ጉድጓድ ወዳለው ጎረቤት ነው። እንግዲህ ነዳጁም ውሃውም በአንድ መሬት ሆድ ውስጥ ጎረቤታሞች ሆነው ይኖራሉ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ላምባ እንድገዛ ተልኬ ወደ አንድ ማደያ ሄጄ ነበር። ወረፋዬ እስኪደርስ ድረስ ቀጂውን፥ «ጋሼ፥ ታንከሩ የተቀበረው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ስቆ፥ «የኔ ልጅ፥ እኔ ስቀጠር ነበረ፤ ከእኔ በፊት የነበረውም ሰውዬ ሲቀጠር ነበረ» አለኝ። ሰውየው ደግ ነው፥ ጥፋትም የለበትም። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ መልሱ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ዕድሜው የማይታወቅ ብረት በውሃችን አጠገብ ተቀብሮ ሳለ እኛ በላዩ እየተራመድን እንኖራለን።

ብረት በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲኖር እንደሚዝግ በክፍል ተምረናል። አንድ ግድግዳ ብቻ ያለው፥ መከላከያ ያልተቀባ የብረት ታንከር ከብዙ ዘመን በኋላ መበሳቱ አይቀርም። የአገራችን ጥቁር አፈር ደግሞ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ሲያብጥና ሲሸሽ ቧንቧዎቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፥ መጋጠሚያቸውም ይላላል። ያመለጠው ነዳጅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ውሃው ዘንድ ሲደርስ እንደ ወጥ ዘይት ይንሳፈፋል። ከእርሱም ከፊሉ በውሃው ውስጥ ይሟሟና በድንጋዩ ስንጥቅ እየተከተለ ሰው ወዳላሰበው ጉድጓድ ይሄዳል። ጋዙም ሽቅብ ወጥቶ በምድር ቤትና በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሲጠራቀም እሳት ያስነሣል።

በቤንዚን ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች አንዱ የኬሚስትሪ መምህራን «ቤንዚይን» የሚሉት ነው። ስሙ ከቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ከቤንዚኑ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው፤ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ ግን ተረጋግጧል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ቤንዚይኑ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን 7.4 ግራም፥ ማለትም 7,400 ሚሊግራም ይሆናል። ይህም ሁሉ በውሃ ውስጥ ቢሟሟ 740,000 ሊትር ውሃ እስከዚያ ወሰን ድረስ ያደርሳል። በምናውቀው በሃያ ሊትሩ ጀሪካን ሲቈጠር 37,000 ጀሪካን ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሊትር ቤንዚን ብቻ!

ታንከሩ ደግሞ በሰኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢያንጠባጥብ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፥ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል። በቀን በሺህ የሚቈጠር ሊትር የሚሸጥ ማደያ አራት ሊትር ቢጐድልበት በምን ያውቃል?

ይህን መከራ ከእኛ በፊት የቀመሱ አገሮች አሉ። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማደያው በየመንገዱ በዝቶ ነበር። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰዎች ከጉድጓዳቸው የቤንዚን ሽታ ያለው ውሃ ይቀዱ ጀመር። መንግሥታቸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ከመሬት በታች ያሉትን ታንከሮች የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በ1986 በነዳጅ ላይ ከተጣለ በጣም ትንሽ ቀረጥ ለጽዳት የሚውል ገንዘብ አቋቋመ። በ1988 ደግሞ አሮጌዎቹ ታንከሮች እስከ 1998 መጨረሻ እንዲታደሱ፥ እንዲለወጡ ወይም እንዲዘጉ ዐሥር ዓመት ሰጠ። በዚህ ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታንከር ተዘጋ፤ ከ500,000 በላይ የሚሆን መፍሰስም ተመዘገበ፥ አብዛኛውም ጸዳ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የታወቀው ከተቈጠረ በኋላ ነው። ሳይቈጠር በፊትም ይፈስ ነበር፤ ግን የሚያየው አልነበረም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ደነገገ። ከዚህም በላይ ማንም ሰው የራሴ ጥቅም ተነካ ሳይል ስለ ብክለት አቤት እንዲል ፈቀደ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሰው ያላየውን ነገር እንዴት አድርጎ አቤት ይላል? የፋብሪካ ጢስ በዓይን ይታያል፥ የወንዝ ቀለም ሲለወጥም ይታያል፤ የታንከር ቀዳዳ ግን የሚታወቀው ልጅ ከታመመ በኋላ ነው። ስለዚህ የታንከር ነገር አቤት ባይን መጠበቅ የለበትም፤ ቀድሞ መመዝገብና መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እንግዲህ ሥራውን በአንድ መዝገብ መጀመር ይቻላል። በመዝገቡ ላይ የያንዳንዱ ታንከር ስፍራ፥ የተቀበረበት ዓመትና የተሠራበት ነገር ይጻፍ፤ ነዋሪውም ገልጦ እንዲያየው ይፈቀድለት። ማደያው በየማለዳው በመለኪያ ዘንግ የሚለካውን ከሽያጩ ጋር እያስተያየ በደብተር ይያዝ፤ ተቈጣጣሪውም ደብተሩን ይመርምር። ታንከሩና ቧንቧው በየዓመቱ በግፊት ይፈተን። አዲስ የሚቀበረው ባለ ሁለት ግድግዳ ይሁን። መንገድ ሲሰፋ ወይም ማደያ ሲነሣ አሮጌው ታንከር በአፈር ተሸፍኖ አይረሳ፤ ነዳጁ ተቀድቶ ይውጣ፥ አፈሩም ይመርመር። ይህን ሁሉ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ተባብረው ሊሠሩት ይችላሉ።

አንዳንድ ሰዎች፥ «እኛ ነዳጁን ራሱን በወረፋ የምናገኝ ድሆች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ የመጣ ነዳጅ መሬት ውስጥ ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት ነው ቅንጦቱ። ዘንግና ደብተር ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ጽዳቱ ነው፤ የተመረዘውን አፈር ቈፍሮ ማውጣት፥ የተንሳፈፈውን ነዳጅ በፓምፕ መሳብ፥ ውሃውን ለብዙ ዓመት ማጣራት ያስፈልጋልና። ለዚህም ቢሆን መላ አለ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ከነዳጅ ሽያጭ ለመንገድ ጥገና ገንዘብ መሰብሰብን አውቀናል፤ ለመንገዱ የተገኘው ዘዴ ለውሃው እንዴት ይታጣል? ባለቤቱ የማይታወቅ ወይም የከሰረ ማደያ ጥሎት የሄደው ጕዳት በዚህ ገንዘብ ሊጸዳ ይችላል፤ ባለቤቱ የታወቀው ግን ራሱ ይክፈል።

ወላጆቻችን ሆይ፥ የጉድጓዳችሁ ውሃ ነዳጅ ነዳጅ ቢሸት አፍልቶ መጠጣት አያድንምና አትጠጡት፤ ፈጥናችሁም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ሽታ የለውም ማለት ግን ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ አትርሱ። መምህራኖቻችን ሆይ፥ በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ዝገት ስታስተምሩን ከደጃችን ያለውን ዝገት ጨምራችሁ ንገሩን። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፥ ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፥ ነጋዴ፥ ተቈጣጣሪም ይወጣል። ያን ጊዜ አንድ ተማሪ መጥቶ «ታንከሩ የተቀበረው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ስቀን ሳይሆን መዝገቡን ገልጠን እንመልስለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ መዝገቡ ዛሬ ይጀመር እላለሁ።