ፍልስፍናው የአሰልጣኙ፣ ዕዳው የልጁ

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር የማትቀር አንዲት ቃል አለች፦ «ፍልስፍና»። አዲሱ ሰውዬ የዩኒቨርሲቲውን ቀለም ክራቫት አስሮ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ስለ ምልመላ ፍልስፍናው ያወራል፣ ደጋፊው ያጨበጭባል። የቀድሞው ልጆች ይወድ ነበር፤ አዲሱ የበሰሉትን ይወዳል። የቀድሞው ለኤንቢኤ ይመለምል ነበር፤ አዲሱ ለማሊያው ይመለምላል። አርስቶትል ይህን ቢሰማ የት ይግባ?

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ጎበዝ፣ ይሄ ፍልስፍና አይደለም። ገበያ ነው። ገበያ መሆኑ አይደለም የሚያናድደኝ። የሚያናድደኝ ኪሳራውን ሁልጊዜ የሚከፍለው የ18 ዓመት ልጅ መሆኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰውን የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤንቢኤና የተጫዋቾቹ ማኅበር በ2005 ተስማምተው ከ2006 ድራፍት ጀምሮ አሜሪካዊ ተጫዋች ቢያንስ 19 ዓመት ሊሞላው፣ ሃይስኩል ከጨረሰም አንድ ዓመት ሊያልፈው ግድ ሆነ። ስለዚህ ጎበዝ የተባለው ልጅ ሁሉ አንድ ዓመት የሚያሳልፍበት ኮሌጅ መፈለግ ጀመረ። በ2009 ኬንተኪ የገባው ጆን ካሊፓሪ ይህችን ሕግ ሥርዓት አደረጋት። የአገሩን ምርጥ ፍሬሾች ይሰበስባል፣ አንድ ዓመት ያጫውታል፣ ለኤንቢኤ ይሸኛል። በ2010 ብቻ አምስት ልጆቹ በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር ተመረጡ። በ2012 ከአንቶኒ ዴቪስ ጋር ዋንጫ በላ። በ2015 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜው በዊስኮንሰን ተሸነፈ።

ከዚያ ነገሩ ጎመዘዘ። በ2022 ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ በማያውቀው ሴንት ፒተርስ፣ በ2024 ደግሞ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሰናበተ። ደጋፊው «እነዚህ የአንድ ዓመት እንግዶች ሰለቹን» አለ። በሚያዝያ 2024 ካሊፓሪ ወደ አርካንሶ ሄደ። ኬንተኪም በ1996 ዋንጫ ያነሳውን ቡድን በአምበልነት የመራውን ማርክ ፖፕን ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ አመጣ።

ፖፕ ሲደርስ ነጻ የትምህርት ዕድል ከነበራቸው ያለፈው ዓመት ተጫዋቾች አንድም አልቀረለትም። ባዶ ቤት! እሱም ወደ ዝውውር መዝገቡ ሄዶ ጂሲዎቹን ሰበሰበ። ላሞንት በትለርን ከሳንዲያጎ ስቴት፣ ኮቢ ብሬያን ከዴይተን፣ አንድሩ ካርን ከዌክ ፎረስት፣ አማሪ ዊሊያምስን ከድሬክሰል፣ ጃክሰን ሮቢንሰንን ከራሱ ከቀድሞ ቡድኑ። 24 ጨዋታ አሸነፉ፣ 12 ተሸነፉ፣ ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ ሆኑ። ደጋፊውም «ልምድ አሸነፈ፣ የማሊያ ፍቅር ተመለሰ» ብሎ ዘፈነ።

ቆይ ቆይ። ከላይ የጠቀስኳቸው አምስቱም ልጆች የቀራቸው የጨዋታ ዘመን አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ፍሬሹ መጥቶ በዓመቱ ሲሄድ «እንግዳ» ተባለ። ጂሲው መጥቶ በዓመቱ ሲሄድ «ቤተሰብ» ተባለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንደኛው ሲወጣ 19 ዓመቱ ነው፣ ሌላኛው 23። ሁለቱም ግን በገቡበት ዓመት ወጥተዋል።

«እሺ፣ ግን አካሄዱ የፖፕ ምርጫ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንይ። የዝውውር መዝገቡ የተከፈተው በ2018 ነው። በ2021 ተጫዋቾች አንድ ጊዜ ዓመት ሳይቀጡ እንዲዛወሩ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በኮቪድ ምክንያት የአንድ ዓመት ተጨማሪ የጨዋታ ዘመን ስለተሰጠ ገበያው በበሰሉ ተጫዋቾች ተሞላ። በሚያዝያ 2024 የዝውውር ቁጥር ገደቡ ተነሣ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ ተፈቀደ። በዚህ ገበያ ውስጥ የቆመ አሰልጣኝ የበሰለ ተጫዋች ቢገዛ ፈላስፋ ተብሎ አይጠራም፤ ዋጋ የሚያውቅ ሸማች ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ «የፍሬሾች አባት» የተባለውን ካሊፓሪን እዩት። አርካንሶ እንደደረሰ ጆኔል ዴቪስን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ዮናስ አይዱን ከቴነሲ አመጣ፤ ሁለቱም የበሰሉ ናቸው። በየካቲት 2025 ኬንተኪ ሜዳ ድረስ ሄዶ የድሮ ቤቱን 89 ለ79 አሸነፈ። በዚያው መጋቢት ሁለቱም ቡድኖች እኩል እዚያው 16ቱ ውስጥ ገብተው እዚያው ተሸነፉ። ሁለት ተቃራኒ ፍልስፍና ተባለ፤ አንድ ሱቅ ገብተው አንድ ቦታ ደረሱ።

አሁን ወደ ልጁ። ጋዜጠኝነት ስንማር ከምንለምዳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ማን ከፈለ?» ነው። ይህንን ጥያቄ ምልመላ ላይ የሚጠይቅ ጠፋ።

የ17 ዓመት ልጅ «እመጣለሁ» ብሎ ቃል የሚገባው ለሕንፃ አይደለም። ሳሎኑ ድረስ መጥቶ ከእናቱ ጋር ላወራው አሰልጣኝ ነው። አሰልጣኙ ሲሄድ ኮከብ የሆኑት አይጎዱም። ለኬንተኪ ቃል ገብተው የነበሩት ቡጊ ፍላንድ፣ ካርተር ኖክስና ቢሊ ሪችመንድ ካሊፓሪን ተከትለው አርካንሶ ገቡ። ኮከብ ያልሆነውስ? እሱን «ለፍልስፍናችን አትመችም» ይሉታል፤ ለዚያውም በትህትና። መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ከክፍት ቦታው ስሙ ይበዛል። ትምህርት ቤት በቀየረ ቁጥር የማይቆጠሩለት ኮርሶች አሉ፣ ዲግሪው ይርቃል።

ቃሉን የጠበቀውንም እንይ። ትራቪስ ፔሪ የኬንተኪ ተወላጅ ነው፤ በግዛቲቱ የወንዶች ሃይስኩል ታሪክ ከሁሉ በላይ ነጥብ ያስቆጠረ ልጅ። ካሊፓሪ ሲሄድ እሱ አልሄደም። የማሊያ ፍቅር ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው? በ2024 ገባ፣ ከፊቱ የበሰሉት ተሰለፉ፣ በ2025 ወደ ሚሲሲፒ ተዛወረ። ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ የማውቀው ማሊያውን በልጅነቱ የወደደው ልጅ ራሱ የአንድ ዓመት እንግዳ ሆኖ መውጣቱን ነው።

«ልምድ ያሸንፋል፤ ፍሎሪዳን አላየሽም?» ትሉኛላችሁ። አይቻለሁ። በ2025 ፍሎሪዳ ዋንጫውን የወሰደው ዋልተር ክሌይተን ከአዮና፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት መጥተውለት ነው። ልምድ ያሸንፋል፤ አልተከራከርኩም። ጥያቄዬ ልምዱ ከየት መጣ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ወቅት ፍሬሽ ነበሩ። ሲሳሳቱ የታገሣቸው፣ ደቂቃ የሰጣቸው ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ድሬክሰል አማሪ ዊሊያምስን አራት ዓመት አሳደገው፤ ዴይተን ኮቢ ብሬያን አራት ዓመት አሳደገው። እግር ኳስ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ ፊፋ እንኳ ወጣቱን ላሳደገው ክለብ ካሳ የሚከፈልበት ደንብ አለው። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ላሳዳጊው ትምህርት ቤት ምንም የለም። ትልልቆቹ ሳይዘሩ ያጭዳሉ፣ ማጨዱንም ፍልስፍና ይሉታል። ሁሉም አጫጅ ሲሆን ማን ሊዘራ ነው?

እንዳትሳሳቱ፤ ልጆቹ ይታሰሩ እያልኩ አይደለም። ድሮ ተጫዋች ሲዛወር ዓመት ይቀመጥ ነበር፣ አሰልጣኙ ግን በዚያው ሌሊት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄድ ነበር። ያ ግፍ ነበር፤ መቅረቱ ጥሩ። ገንዘቡም ይገባቸዋል። ስለ ገንዘብ ልጆቹን የሚሰድበው ደጋፊ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚደበድብ ነው።

እኔ የምለው እኩልነት ነው። ካሊፓሪ በ2019 የተፈረመ የ10 ዓመት ውል ነበረው፤ ኬንተኪ በ2024 ላባርረው ቢል ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። ለአሰልጣኙ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚፈርም ዩኒቨርሲቲ ለልጁ ሦስት ነገር መፈረም አይከብደውም። አንደኛ፣ ቡድን ውስጥ ቢቆይም ባይቆይም እስከ ዲግሪው የሚዘልቅ የትምህርት ወጪ። ሁለተኛ፣ አሰልጣኝ ሲቀየር ልጁ ራሱ ካልፈለገ በቀር የማይነካ ቦታ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ከሃይስኩል ለሚመጡ ልጆች የተያዘ፣ ቁጥሩ በይፋ የተነገረ ወንበር።

ይህን የማይፈርም ዩኒቨርሲቲ ስለ ባህልና ስለ ቤተሰብ አያውራልን። ስለ ዋጋ ያውራ፣ እናዳምጠዋለን። እናንተም ደጋፊዎች፣ አዲስ አሰልጣኝ በመጣ ቁጥር ማንን ሊያመጣ እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ። ቀድመው ቃል የተገባላቸው ልጆች የት እንደደረሱም ጠይቁ። የምልመላ ፍልስፍና የሚባል ነገር ካለ፣ የሚፈተነው በዚያች ጥያቄ ነው።