የመጠቀስ ብዛት ምን ይመዝናል? የባሪ ማርሻል የምርምር ጉዞ እንደ ማሳያ

በ2005 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን መለኪያ፣ «ኤች ኢንዴክስ»ን፣ አቀረቡ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያና በጨጓራ ሕመም ውስጥ ያለውን ሚና በማግኘታቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሁለቱ ሊቃውንት ታሪክ የመለኪያውን ወሰን በግልጽ ያሳያል፤ የመጠቀስ ብዛት አንድ ሐሳብ የሳበውን ትኩረት ይቆጥራል እንጂ እውነትነቱንም ሆነ ጥቅሙን አይመዝንም።

ዋረን ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ባክቴሪያውን ያስተዋሉት በ1979 በፐርዝ ከተማ ነበር። በ1981 በሥልጠና ላይ የነበሩት ወጣቱ ሐኪም ማርሻል ተቀላቀሏቸው። የዘመኑ እምነት ግን ቁስለት የሚመጣው ከአሲድ መብዛትና ከጭንቀት ነው፣ በአሲድ በተሞላ ጨጓራም ባክቴሪያ አይኖርም የሚል ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን፣ በልማዱ ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ የነበሩት ማራቢያ ሳህኖች ለአምስት ቀናት በመቆየታቸው ባክቴሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ በቀለ። በ100 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናትም የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት በነበረባቸው 13 ሰዎች ሁሉ ላይ ተገኘ።

ይህ ግኝት በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በ1983 ማርሻል ለአገራቸው የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ጉባኤ ያቀረቡት አኅጽሮት ከቀረቡት 67 ውስጥ 56ቱ ሲመረጡ ውድቅ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ዋናው ጽሑፍ በ1984 በላንሴት ታተመ። በዚያው ዓመት ማርሻል ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው የጨጓራ ብግነት ያዛቸው፤ ውጤቱንም በቀጣዩ ዓመት አሳተሙ። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የባለሙያዎች ጉባኤ ባክቴሪያው ያለባቸው የቁስለት ሕሙማን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲታከሙ የመከረው በ1994 ነው። የመጽሔቶችን ደረጃ የሚወስነው የተለመደው ስሌት የሁለት ዓመት ጽሑፎችን ብቻ ሲመለከት፣ ይህ ግኝት ከመጽሔት ወደ ሕክምና መመሪያ ለመድረስ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል።

ቁጥሩ ሌላም ጉድለት አለው። በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠቀሰው የ1984ቱ ጽሑፍ የደራሲዎቹን ኤች ኢንዴክስ ከፍ ሊያደርግ የሚችለው በአንድ ብቻ ነው። ለመቃወም የጠቀሰውና ለመደገፍ የጠቀሰውም እኩል ይቆጠራሉ። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1954 አሜሪካዊው ኤዲ ፓልመር ከ1,100 በላይ ናሙናዎችን መርምረው በጨጓራ ባክቴሪያ አላገኘሁም ማለታቸው የጥናት መስኩን ለረጅም ጊዜ አቀዝቅዞታል፤ ተሰሚነት ያለው ስሕተት ማለት ይህ ነው። በአንጻሩ ከ1958 ጀምሮ የቁስለት ሕሙማንን በፀረ ተሕዋስያን ያክሙ የነበሩት ግሪካዊው ሐኪም ዮሐኒስ ሊኩዲስ ጽሑፋቸውን የሚቀበላቸው መጽሔት ሳያገኙ፣ በአገራቸውም ተቀጥተው፣ በ1980 ዐረፉ። በመጠቀስ ሚዛን ቢለኩ ክብደታቸው ከባዶ የሚርቅ አልነበረም።

ይህ ሲባል ቁጥር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ ያቋቋሙት የጥቅስ ማውጫ የአንድን ሐሳብ ዱካ ለመከተል ዛሬም ያገለግላል። ትውውቅና ዝምድና ውሳኔን በሚያዛቡበት ቦታም ቁጥር ለማይታወቀው ተመራማሪ ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ንባብን ሲተካ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይነካል። ባክቴሪያው በአገሪቱ በስፋት የሚገኝ ሲሆን ከመድኃኒት ጋር መላመዱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ አካባቢ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያጣራ ጥናት በውጭ አገር መጽሔቶች ብዙ ላይጠቀስ ይችላል፤ የአካባቢው ሐኪም የሚጽፈውን ማዘዣ ግን ሊለውጥ ይችላል። የማዕረግ ዕድገት በመጽሔት ደረጃና በጽሑፍ ብዛት ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ወጣቱ ተመራማሪ ለሕሙማኑ ከሚጠቅመው ጥያቄ ይልቅ ብዙ ወደሚጠቀሰው ቢያዘነብል አያስደንቅም።

በ2012 የተነደፈው የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና መግለጫ የሥራው ይዘት ከታተመበት መጽሔት ስም እንዲቀድም ያሳስባል። ይህን በተግባር ለማዋል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ዕጩው ሁለት ወይም ሦስት ዋና ሥራዎቹን ይምረጥ፤ እያንዳንዱ ምን እንደለወጠ በአንድ ገጽ ያስረዳ፤ የኮሚቴው አባላትም ሥራዎቹን አንብበው ይወስኑ። የፐርዙን አኅጽሮት ውድቅ ያደረገው የማስረጃ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ እምነትም ነበር። ቁጥር እምነትን ይከተላል፤ ማስረጃን መመርመር ግን የአንባቢ ሥራ ነው።