ለማጁን ከመመዘን አስቀድሞ

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ወጣቶች በንግድ ቤትና በፋብሪካ ሥራ ስለ ማስለመድ በተነሣ ቍጥር፥ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «እነርሱ ይችላሉን?» ተብሎ ነው። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ካቦው፥ መጋዘን ጠባቂውና የቀሩት ሠራተኞች ለማጁን በምን ዓይን ይቀበሉታል የሚለው ነው።

ሕጉ ከወጣ ቈይቷል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም በትርጓሜው ውስጥ አግብቷል፤ አሠሪው ለሥራውና ለሥልጠናው የተመቸ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ፥ ረዳትም እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁን እንጂ አዋጅ በር ያስከፍታል እንጂ የካቦውን ፊት አይፈታም።

በሠራተኞች ዘንድ ሦስት ዓይነት አቀባበል ይታያል። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ይህም የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን ከአእምሮ ሕመም ጋር ከማደባለቅ የሚመጣ ነው። ውስንነቱ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የመማርና የመረዳት መዘግየት ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ አይደለም። ሁለተኛው ንቀት ነው፤ ዕቃ ማሸግ ሊማር የመጣው ወጣት ሻይ ሲያመላልስና ግቢ ሲጠርግ ወራቱ ያልቃሉ። ሦስተኛው ርኅራኄ ነው፤ ይህም መልካም ስለሚመስል ከሁሉ ይልቅ ያታልላል። «ተወው፥ እኔ እሠራልሃለሁ» እየተባለ ሥራው ከእጁ የሚወሰድበት ለማጅ፥ እንደ ተናቀው ሁሉ ምንም ሳይማር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቤተሰቡም «ሞክሮ አልሆነለትም» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል፤ እርሱ ግን ከቶ አልተሞከረም።

ማርክ ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፥ መካከለኛና ከባድ ውስንነት ያለባቸው ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም እንደሚማሩ አሳይቷል። በክፍሎቹ ላይ የቀለም ምልክት ሲደረግ ትምህርቱ ፈጠነ። ጎልድ አጥብቆ ያስተምር የነበረውም፥ ለማጁ ነገሩ አልገባው ሲል ጕድለቱን በለማጁ ላይ ከመጣል ይልቅ ሌላ የማስተማሪያ መንገድ መፈለግ እንደሚገባ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ ሁሉ የካቦው ነውን? አይደለም። ካቦው ማታ የሚጠየቀው ስንት ካርቶን እንደ ታሸገ፥ ስንት ኵንታል እንደ ተጫነ ነው። ለማጁን ሲያስተምር የሚያጠፋው ሰዓት ከዕለቱ ሥራ ላይ እንደ ጕድለት የሚቈጠርበት ከሆነ፥ ትዕግሥቱ ማለቁ የማይቀር ነው። የሠራተኛውን አመለካከት የሚቀርጸው ከስብከቱ ይልቅ የአሠሪው አቈጣጠር ነው።

ስለዚህ ለማጅ የሚቀበል ነጋዴ አስቀድሞ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሚመጣው ሰው ማን እንደ ሆነና ምን ሊማር እንደሚመጣ ያስረዳ። ታጋሽ የሆነ አንድ ሠራተኛ ለአስተማሪነት ይመድብ፤ ለዚህም ከዕለት ሥራው ይቀንስለት። ሥራው በትንንሽ ተከፍሎ፥ ካርቶኑን ማቃናት፥ ዕቃውን መቍጠር፥ መደርደር፥ ማሸግ እየተባለ በየተራው እጅ በእጅ ይታይ። ለማጁ ሥራውን በለመደ ጊዜም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዙ ይከፈለው፤ የሚከፈለው ምጽዋት አይደለምና።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የጐደለው ቀስ ለማለት የሚበቃ ጊዜ በሥራ መዝገብ ላይ አለመመደቡ ነው። የንግድ ቤት ባለቤቶች ይህን ጊዜ ሳይመድቡ «አይችሉም» ብለው ባይፈርዱ ይገባቸዋል።