አባት ዜጋ ሲሆን ልጅ ለምን ትቀራለች?

ሰሞኑን ነፋስ መውጫ፣ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት በሚሠራበት አንድ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ቆማለች። ባሏ በዲቪ ላጤ ሆኖ አሜሪካ ሄዶ፣ ኋላ ተመልሶ ያገባት ነው። «አባቷ ዜጋ ሆነልን፤ ጉዳያችን ሊያልቅ ነው» እያለች ስልኳን ለባለ ኮምፒውተሩ ወጣት ሰጠችው። እሱ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበና «እታለም፣ የተጠራሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የልጅቱ ስም የለበትም» አላት። «አባቷ አሜሪካዊ ሆኖ እሷ እንዴት ትቀራለች?» አለች።

የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ባል ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ ለሚስቱ ሲያመለክት፣ ልጅ በእናቷ ፋይል ተደርባ መሄድ ትችላለች። ለዚህ መደብ በየዓመቱ የሚሰጠው ቪዛ ግን የተወሰነ ስለሆነ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ባል ዜግነት ሲያገኝ ሚስት የዜጋ የቅርብ ቤተሰብ ትሆናለች፤ ኮታው አይመለከታትም። ለዚህም ባልየው የዜግነት ወረቀቱን ኮፒ ልኮ ማሳወቅ አለበት። ጉዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በአዲሱ መደብ ተደርቦ መሄድ የለም። አባት ለእያንዳንዱ ልጅ አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ለየብቻ ማስገባት ይኖርበታል። ካላስገባ እናት ትጠራለች፣ ልጅ ትቀራለች። ያቺ እናት ምን ትምረጥ? ልጇን ለአያቷ ትታ ትሂድ ወይስ ስትጠብቅ የኖረችውን ጥሪ ታሳልፍ?

የሚያሳዝነው ደግሞ ዜግነቱ ቀድሞ የሚደርሰው ለልጅቱ መሆኑ ነው። ዕድሜዋ 18 ሳይሞላ በመኖሪያ ቪዛ ገብታ ከዜጋ አባቷ ጋር የምትኖር ልጅ በሕጉ ወዲያው ዜጋ ትሆናለች። እናቷ ግን በባሏ ዜግነት ዜጋ አትሆንም። ግሪን ካርድ ይዛ ትገባለች፤ ስትገባ ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ከሆነ ካርዷ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ነው። ከባሏ ጋር እየኖረች ለዜግነት የምታመለክተውም ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

አገር ቤትስ? በ1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት ካሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ይህን ሽሮታል። ዛሬ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ባል ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ የሚስቱ ዜግነት ግን አይነካም። የመሬት ይዞታ ከዜግነት ጋር የተያያዘ ነውና፣ በይዞታ ደብተር ላይ ስሟ ለሰፈረ የስማዳ ሴት ይህን ማወቅ ቀላል ነገር ነው?

የእናትና የልጅ መለያየቱ ግን በባሕር ማዶ ሕግ ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ጋብቻችን በሽማግሌና በቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል፤ ወረቀቱን የምናስታውሰው ኤምባሲ ሲጠይቀን ነው። ልጅ በክርስትና ስም ትጠራና በትምህርት ቤት በሌላ ስም ትመዘገባለች፤ የልደት ቀኗ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አይለይም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጣላትን ኢሜይል ማየት ያልቻለች ሴትስ ስንት ትሆን? በዚህ ላይ ባል በስልክ ደስታውን ብቻ እየነገረ ዝርዝሩን ሲተወው ሚስት ስለ ራሷ ጉዳይ ባዳ ትሆናለች።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ባለሙያዎች የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ሲሰጡ ስምና ቀን ከሌላው ሰነድ ጋር መመሳሰሉን ቢያሳስቡ ምን ይጎድልባቸዋል? እናቶችም «ለልጆቻችን ለየብቻ አመልክተሃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ የማመልከቻውን ቁጥርና ደረሰኝ በእጃቸው ይያዙ። ባልም ለዜግነት ቃለ መሐላ ከመቆሙ በፊት የልጆቹን ማመልከቻ ያስገባ። ዜግነቱ የእሱ ነው፤ መዘዙ ግን የቤተሰቡ ሁሉ ነው።