ቪትዝ ወይስ ሲጋል? መጀመሪያ መንገዳችሁን ንገሩኝ



ሰሞኑን የጤፍ ዋጋ የሚጠይቀኝ ሰው አያይዞ «ቪትዝ ልግዛ ወይስ ቢዋይዲ ሲጋል?» ይለኛል። ወጣቶቹማ ስልካቸው ላይ የፌራሪና የፖርሽ ውድድር አይተው «ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሰከንድ ይገባል?» ነው የሚሉት። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው የግድ ሆኗል። እስቲ እንደ ደላላ ላወዳድራቸው።

ጉልበት፦ ባለ 1.0 ሊትሩ ቪትዝ 51 ኪሎዋት፣ ሲጋል 55 ኪሎዋት ነው። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ግን ብቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አያጣም። ዳገት ላይ ሲጋል ይበልጣል፣ ክርክር የለውም።

ርቀት፦ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ሲጋል 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል። ይሄ የቻይና መለኪያ ነው፣ በአማካይ ዝግ ባለ ፍጥነት የሚለካ። ከአዲስ አበባ ብቸና 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ሽቅቡ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ሶስት ሰው የጫነ ሲጋል ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ የባትሪው አንድ አምስተኛ ማለት ነው። የጎሃ ጽዮን ቁልቁለት የተወሰነውን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ሞጣማ በአንድ ቻርጅ አይታሰብም።

መልሶ መሸጥ፦ አዲስ ስለማይገባ ያረጀ ቪትዝ እንኳ ገዢ አያጣም። ሲጋል የነዳጅ ወጪ የለበትም፤ ስትሸጡት ግን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የባትሪውን ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ስራው ብቸና ከተማና ደብረ ወርቅ አካባቢ የሆነ፣ ማታ ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ሲጋል ይግዛ። በየሳምንቱ ናሙና ይዞ አዲስ አበባ የሚመላለስ ግን ቪትዙን ይያዝ።

ሁለቱንም ግን በጥር አትግዙ። ጥር ላይ ጤፍ ከአውድማ ሲገባ ዋጋው ይረግባል፣ ክረምት ሲመጣ ይወጣል። የመኪናውን ዋጋ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አካፍሉት። ያ ሁሉ ኩንታል እስከ ሐምሌ ሊያመጣ የሚችለውን ትርፍ መኪናው ዋጋ ላይ ደምሩት፤ ትክክለኛ ዋጋው ያ ነው። የዩኒየን ኃላፊዎችም አስቡበት፦ ገበሬው ምርቱን ጭኖ ደጃችሁ ሲቆም «ገንዘብ አልቋል» የሚባለው በዚያው ወር ነው። መንቀሳቀሻ ገንዘባችሁ ጎማ ላይ ቆሞ ገበሬውን ለሌላ ነጋዴ አትስጡት።

ለመግዛት ያሰባችሁ የምትመላለሱበትን መንገድ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው። መልካም ገበያ!