ብር ለአንገት፤ መዳብ ለሽቦ

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በጓደኞቻችን መካከል አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም በመዋጮ ለመዝናኛ ክፍላችን ሊገዛ የታሰበው ስቴሪዮ፣ ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ የሚዘረጋለት ሽቦ የብር ይሁን ወይስ የመዳብ የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ መዋጮው ከሁላችንም ኪስ የሚወጣ ነው፤ ከገጠር የሚላክለትን ሳንቲም እየቆጠረ የሚያወጣ ወንድማችንም አለበት። ስለዚህ ሐሳቤን ልግለጽ።

የብር ወገኖች መነሻቸው እውነት ነው። ኤሌክትሪክን በማሳለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ ብርን የሚወዳደረው የለም። ዳሩ ግን መዳብን የሚበልጠው ከመቶ ስድስት ያህል ብቻ ነው። መዳቡን በዚያው ልክ ማወፈር ልዩነቱን ያጠፋዋል።

ስሌቱን እንመልከት። ስፒከሩ 2 ሜትር ቢርቅ ሽቦው ደርሶ መልስ 4 ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን የመዳቡ 0.0269፣ የብሩ 0.0254 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ ራሱ 8 ኦም ከሆነ ልዩነቱ ከአምስት ሺህ አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው።

ዋጋውስ? ለሁለት ስፒከር 210 ግራም ንጹሕ ብር ይፈጃል። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁም ጥሩ ብር ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ማርያ ቴሬዛ አቅልጠን ከግድግዳ ሥር ልንቀብር ነው! በእኛ በለሚ አገር አንጥረኛ ቢያገኘው ስንት የአንገት መስቀል፣ ስንት የእግር አልቦ ባወጣበት! ገንዘቡንና ማዕድኑን በአንድ ስም «ብር» ብለን የምንጠራ ሰዎች ይህን ልንስተው አይገባንም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለአቶም ቦምብ ሥራ ከ13,000 ቶን በላይ ብር ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ በኦክ ሪጅ የማግኔት መጠምጠሚያ አድርጎት ነበር። ምክንያቱ ግን የብር ብልጫ ሳይሆን መዳብ ለጦርነቱ በብርቱ መፈለጉ ነው። ብሩም በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለሰ።

«ጆሮዬ ይለያል» የሚል ወንድም አለ። ጆሮውን አልንቅም፤ ግን ይፈተን። አንዱ ሽቦውን ከመጋረጃ ጀርባ ይቀያይር፤ እርሱ አሥር ጊዜ ይፍረድ። በግምት ብቻ ዘጠኝ ወይም አሥር የማግኘት ዕድሉ ከ1,024 አንድ 11 ነው። ዘጠኝ ካገኘ እንደገና ይፈተን፤ ደግሞ ከቀናው በአደባባይ እናመስግነው። አምስት ወይም ስድስት ካገኘ ግን የሰማው ዋጋውን እንጂ ብሩን አይደለም።

ይህን ስል ሽቦ ሁሉ እኩል ነው ማለቴ አይደለም። ቀጭንና ረጅም ሽቦ ኀይል ይበላል፤ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ድምፅ ያበላሻል። ስለዚህ ወፈር ያለ መዳብ ይገዛ፤ መጋጠሚያው ይጽዳ፤ የተረፈው ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ይዋል። የጥላሁን ገሠሠ አሮጌ ሸክላ መንጫጫቱን በብር ሽቦ አይተውም።

የተማረ ሰው ውድ የሆነውን ሁሉ መልካም ነው ብሎ ከተቀበለ፣ ትምህርቱ ምን ረባው? ኮሚቴው ከመግዛቱ በፊት ፈተናው በሁላችን ፊት ይደረግ።